ግብር ይገባል የተባለ ዕለት

ተረት ተረት።

«የላም...»

ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ የላም በረት አትበሉኝ። የዛሬዋን ላም ወታደር በልቷታል። እንደገና ልጀምር። ተረት ተረት።

«የባዶ በረት።»

እሰይ፣ እንዲያ ነው። በሉ ተጠጉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ፣ እሳቱን ጋርደህብናል።

በድሮ ዘመን፣ ከብዙ ተራራ ወዲያ፣ ባሕሩ የሚባል ወጣት ንጉሥ ነበረ። ንጉሥ ነበረ እላለሁ እንጂ ንግሥናው ለስሙ ነበር። ዘውድ አለው። ነጋሪት አለው። ነጭ በቅሎ አለው። ወታደር ግን የለውም። ወታደሩ ሁሉ የመሳፍንቱ ነው። ጠላት ድንበር ጥሶ የመጣ እንደሆነ ነጋሪቱን ያስጎስምና መሳፍንቱን ይጠራል። እነሱም ደስ ካላቸው ይመጣሉ፣ ካላሻቸው ይቀራሉ። የመጡትም ጠጁን ጠጥተው፣ ሰንጋውን በልተው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል «ሰዉ እርሻ አለበት» ይሉና ጦራቸውን ሰብስበው ውልቅ ነው። ንጉሡም ከነጋሪቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። እስቲ ይሄ ንግሥና ነው? እኔ ብሆን ዘውዱን መልሼ በሰጠኋቸው።

ከመሳፍንቱ ሁሉ ጉልበተኛው ደጃች ቢያድግልኝ ነበር። ትልቅ አምባ አለው። ዙሪያው ገደል ነው፣ መግቢያው አንድ በር ብቻ። ከገበሬው በንጉሡ ስም ግብር ይሰበስባል፤ ለንጉሡ ግን አንድ ቁና እንኳ አይልክም። በሰበሰበው ግብር ምን ያደርግበታል? ለወታደሩ ግብር ያበላበታል። ልብ በሉልኝ፤ ገበሬው ከአውድማው ቀንሶ የሚከፍለውም ግብር ነው፤ ወታደሩ ዳስ ውስጥ ተሰብስቦ ሥጋ የሚቆርጥበት ድግስም ግብር ነው። ስሙ አንድ ነው። ከፋዩ ሲሰማው ሆዱን ይቆርጠዋል፣ በዪው ሲሰማው ምራቁን ይውጣል።

ከደጃቹ ወታደሮች አንዱ አንዳርጌ ይባላል። እኔ የማወራላችሁ ስለ እሱ ነው። ክንደ ብርቱ ነበር። ጦር ከወረወረ አይስትም። ፉከራ ከጀመረማ ለሌላ ሰው ተራ አይሰጥም። አባቱ የደጃቹ አባት አሽከር ነበር፣ እሱም የደጃቹ አሽከር ሆነ። ሌላ ጌታ አለ ብሎ አስቦም አያውቅ።

ያን ጊዜ ወታደር ግብር የሚበላው በየበዓሉ ነው። በዓል ሲያልፍስ? ሲያልፍማ በየገበሬው ቤት ተሠሪ ሆኖ ይመደባል። ተሠሪ ምን እንደሆነ አታውቁም፣ እድለኞች ናችሁ። ተሠሪ ማለት ያልጠሩት እንግዳ ነው። ጦሩን ከበሩ ያቆምና፣ መደቡ ላይ ወጥቶ ይቀመጥና፣ «አብሉኝ» ይላል። ዶሮ ሲያልቅ በግ ይላል። በግ ሲያልቅ ላሟን ያያታል። አንዳርጌም ሩቅ አገር፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ተሠሪ ነበረ። ሽማግሌው ቀን ከቀን እየከሳ ሄደ፣ አንዳርጌ ቀን ከቀን እየወፈረ ሄደ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሁሉም እንደዚያው ስለሚያደርግ ነገሩን ልብ ብሎት አያውቅም።

ለገና ፈቃድ አገኘና ወደ ቤቱ ወረደ። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ለእሷ ሻሽ ይዞ፣ እያንጎራጎረ ከደጁ ደረሰ። ቢገባ ሁለት ወታደሮች በገዛ አልጋው ላይ ተንጋለው አገኘ። አንደኛው ቀና አለና «ማነህ አንተ?» አለው። አያችሁት? የቤቱን ጌታ «ማነህ» አለው። እነሱም ተሠሪዎች ናቸው። የሌላ መስፍን ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። የዚያው የደጃች ቢያድግልኝ ወታደሮች ናቸው።

እንጉዳይ በእጇ ጠቀሰችውና ወደ ጓሮ ወሰደችው። በረቱ ባዶ ነው። ዶሮዎቹም የሉም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረችው፤ ላሟን ጾሙ ሳይገባ እንዳረዷት፣ የሚታለብ እንደሌለ፣ የዘሩን ገብስ ብቻ በበረቱ ስር ጉድጓድ ቆፍራ፣ እበት ደልድላ እንደቀበረችው።

፦ «ዘሩ ከተነካ አለቀልን» አለችው። «የምንበላውም የለ፣ የምንከፍለውም የለ። መለመን ነው የሚቀረን።»

አንዳርጌ ደሙ ፈላ። ልግደላቸው አለ። ተይ ልቀቂኝ አለ። እሷም ክንዱን እንደያዘች ጠየቀችው።

፦ «አንተስ የማንን ላም ስትበላ ከረምክ?»

የሽማግሌው ፊት ድቅን አለበት። ገናን ከሁለቱ ተሠሪዎች ጋር በአንድ ገበታ በላ።

አሁን ወደ ንጉሡ እንመለስ። ንጉሥ ባሕሩ ያን ሰሞን አንድ ነገር ቆርጦ ነበር። የእናቱ ርስት ላይ የሚግጡ ከብቶች ነበሩት፤ የቀረው ሀብት እሱ ነው። እነሱን ሁሉ ወደ ግቢው አስነዳ። ትልቅ ዳስ አስጣለ። ጠጅ አስጣለ። ከዚያም አዋጅ ነጋሪዎቹን በየገበያው ላካቸው። የደጃች ቢያድግልኝ ገበያ ላይም አንዱ ነጋሪ ከድንጋይ ላይ ወጣና እንዲህ ሲል ጮኸ፦

«ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። በጥምቀት ማግስት በንጉሡ ግቢ ግብር ይገባል። ከማንም ወገን ይሁን፣ የመጣ የእኔ ነው።»

ግብር ይገባል። የትኛው ግብር እንደሆነ አልለየም።

ነገሩ ለደጃቹ ተነገረው። ደጃቹ ለስንት ዘመን የንጉሡን ግብር በልቶ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው እሱ ነዋ። «ግብር ይገባል» ሲባል «የበላኸውን ክፈል» መሰለው። ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያም ሳቁ መጣ። ወታደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት በአደባባይ፣ ከት ብሎ እየሳቀ ተናገረ።

፦ «እኔን ሆዴን ቆርጦኛል በሉልኝ። ከእናንተ መሃል ግብር ያማረው ካለ ግን ይሂድ። አልከለክልም።»

መቼስ ግብር ልክፈል ብሎ የሚሄድ እብድ የለም ብሎ ነው። ወታደሩ ደግሞ በዕድሜው ከፍሎ የማያውቅ፣ ሲበላ ብቻ የኖረ ነው። «ግብር ይገባል» ሲባል የታየው ዳሱ፣ ሰንጋው፣ ጠጁ ነው። ደግሞ ጌታቸው በገዛ አፉ ሂዱ አለ። ደስ አላቸው። «እግዜር ይስጥልን» ብለው እጅ ነሱት። ደጃቹ እጅ መንሳታቸው ገርሞት «ምን ነካቸው?» አለ እንጂ አልገባውም።

የጥምቀት ማግስት ደረሰ። ደጃች ቢያድግልኝ ታቦት ሸኝቶ፣ ታጥቦ፣ ከአዳራሹ ገብቶ ተቀመጠ። መሶቡ ተደርድሯል። አሳላፊው ሥጋውን ተሸክሞ ቆሟል። ሰው የለም። የሥጋ ዘመዶቹና በረኞቹ ብቻ በአንድ ጥግ ተኮልኩለዋል። ሰዉ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። አሳላፊው እየፈራ መለሰለት።

፦ «ግብር ያማረው ይሂድ ብለው አሰናብተዋቸው የለም እንዴ፣ ጌታዬ? ንጉሡ ጋ ሄዱ።»

ያን ጊዜ ነው የገባው። በልቶት የኖረው ቃል ዞሮ በላው። ጉዱ ፈላ።

አንዳርጌ ከጓደኞቹ ጋር ከንጉሡ ዳስ ገብቶ ነበር። እንዲያ ያለ ግብር አይቶ አያውቅም። የዚህ መስፍን ሰው፣ የዚያ መስፍን ሰው ሳይባል ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጧል። በልተው ሲጠግቡ ንጉሡ ተነሳ። ገና ጢሙ ያልጠና ወጣት ነው፤ ድምፁ ግን አይንቀጠቀጥም። ከብቱ የእናቱ እንደነበረ፣ ከዚህ ወዲያ ሌላ እንደሌለው አልደበቃቸውም። ወታደር ሲፈልግ መሳፍንትን መለመን እንደሰለቸውም ነገራቸው። ለእሱ የሚያድር ክረምት ከበጋ ቀለብ እንደሚሰፈርለት፣ መሬትም እንደሚቆረስለት፣ የእሱ ወታደር ግን የገበሬን ደጅ በተሠሪነት እንደማይረግጥ ተናገረ። ወደ ጌታዬ ልመለስ የሚል ካለ በሰላም ይሂድ፣ አልቀየመውም አለ። መጨረሻ ላይ ይሄን አከለበት።

፦ «ገበሬው የሚከፍለው ግብር ወደ እኔ ይግባ። እናንተ የምትበሉት ግብርም ከእኔ ይውጣ። በመሃል የተቀመጠው ይነሳ።»

አንዳርጌ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው አንዱን ነው። የገበሬ ደጅ አይረገጥም የሚለውን። አልጋው ላይ የተንጋለሉት ሁለቱ ሰዎች ታዩት። ጦሩን አንስቶ ከንጉሡ እግር ስር አኖረው። የአባቱን ጌታ መተው ቀላል አልነበረም፤ እንባው መጣ። ግን አኖረው። ሌሎቹም አኖሩ።

እናንተ አሁን ወታደር መሆን ቀላል ይመስላችኋል። ከዚያ በፊት ጦርነት ማለት፣ ነጋሪት ሲመታ ሁሉም በየፊናው መሮጥ ነበር። ቀድሞ የጣለ ይፎክራል። የከፋው ይበተናል። ንጉሡ ይሄን አልወደደም። አንድ ዓይነት ጋሻ አስያዛቸው፣ ጎን ለጎን አቆማቸው፣ ከበሮው ሲመታ አብራችሁ ተራመዱ፣ ሲቆም አብራችሁ ቁሙ አላቸው። አንዳርጌ ተናደደ። «እኔ የሠርግ ሚዜ ነኝ እንዴ በከበሮ የምራመደው?» እያለ ሲያጉረመርም ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ትቷቸው ብቻውን ወደ ፊት ሮጠ፣ ጦሩን ወረወረ፣ ፎከረ። ዞር ቢል ሁሉም ከኋላ ቆመው ይስቁበታል። ንጉሡ ተቆጥቶም አልተቆጣ፤ ለጓደኞቹ ውሃ ሲቀዳ እንዲውል አደረገው። ጀግናው እንስራ ተሸክሞ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ብቻውን አልሮጠም።

ከተሠሪዎቹ ጣጣም ሚስቱ ተገላገለች። ሁለቱም ወደ ንጉሡ ግብር ሄደው በዚያው ቀሩ። አንደኛው እንዲያውም ሲሰለፉ አንዳርጌ አጠገብ ደረሰው። መጀመሪያ ሰሞን አንዳርጌ በክርኑ ይጎሽመው ነበር፤ ኋላ ላይ ተወው።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን የእንጉዳይ ወንድም ዳምጤ አቧራ ለብሶ ከንጉሡ ጦር ሰፈር ደረሰ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነገሩን አወራ። ደጃች ቢያድግልኝ ከፋሲካ በፊት ወታደሮቹን «ተመለሱ» እያለ ሲለማመጥ ከረመ። ወታደሮቹ እንደማይመለሱ ሲያውቅ ግን ሐሞቱ ፈላ። ዘመዶቹንና በረኞቹን ይዞ በየመንደሩ ወረደ። ያገኘውን ዘር ሁሉ ከየጉድጓዱ አስቆፍሮ አወጣ። የእንጉዳይን ገብስም ከበረቱ ስር አገኘው። እህሉን ወደ አምባው ጎተራ አስጫነ። ወደ ንጉሡ የሄዱትን ሰዎች ሚስቶችም እየነዳ ወሰደና ጎተራውን እንዲጠብቁ አደረጋቸው። «ሚስቱንና ዘሩን የሚሻ ጦሩን ይዞ ይመለስ» ብሏል።

ሰኔ እየመጣ ነው። በሰኔ ያልዘራ ገበሬ የሚበላው ነገር የለውም። አንዳርጌ ሮጦ ንጉሡ ፊት ቀረበና ፈቃድ ለመነ።

፦ «ልሂድ ጃንሆይ። ሚስቴ ናት፣ ዘሬ ነው።»

ንጉሡም፦ «ብቻህን ብትሄድ ውሃ እንደቀዳህበት ቀን ትሆናለህ» አለው። «አብረን እንሂድ።»

አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ ያለው ባላገር ጦር ሲያይ ዶሮውን አቅፎ ወደ ጫካ ይሮጣል። ጦሩ በመንደሩ መሃል በከበሮ ያልፋል፤ አንድ ሰው ከመስመር ወጥቶ ደጅ አይረግጥም። ባላገሩም ከጫካ ውስጥ አንገቱን አስግጎ እያየ ግራ ይጋባል። አንዳርጌ በዚያ በሽማግሌው ቤት በኩል አለፈ። ሽማግሌው በበሩ ቀዳዳ ሲያየው አየው። አንዳርጌ አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሳውና አለፈ።

ከአምባው ስር ደርሰው ሰፈሩ። ደጃች ቢያድግልኝ ከላይ ሆኖ ቁልቁል አያቸው፣ አልደነገጠም። ስንት ጦር ከእግሩ ስር ሰፍሮ፣ ስንት ጦር ተበትኖ አይቷል። ለዘመዶቹ «ዝናብ ጠብ ይበል ብቻ፣ አንድም አይቀር» አላቸው። ተኝቶ አደረ።

ዝናቡም መጣ። ሰማዩ ተቀደደ ማለት ይቻላል። መሬቱ ራሰ፣ አፈሩ ሸተተ። ገበሬ ሆናችሁ ያደጋችሁ ያን ሽታ ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ካለበት ይጎትተዋል። አንዳርጌን ጎተተው። ዘሩ ከላይ ጎተራ ውስጥ ነው፣ ማሳው ከታች ባዶውን ይጠብቃል። እሱ ደግሞ ጋሻ ይዞ ዝናብ ላይ ቆሟል። ደጃቹ ይሄን ያውቃል። ከገደሉ ጫፍ ቀረበና በስሙ ጠራው። እንጉዳይንም አስመጥቶ ከጎኑ አቆማት።

፦ «አንዳርጌ፣ የአባቴ አሽከር ልጅ። ዝናቡን ታየዋለህ። በሩን ላስከፍትልህ። ሚስትህን ውሰድ፣ ዘርህን ጫን፣ ሂድና እረስ። ጦርህን ብቻ መልስልኝ።»

አንዳርጌ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ። ጓደኞቹ ሁሉ አዩት። እሱ ከሄደ እነሱም ይሄዳሉ፤ የሁሉም ሚስት ከላይ ናት። ንጉሡም በበቅሎው ላይ ሆኖ አየው። ደጃቹ ሊስቅ አፉን ሲከፍት እንጉዳይ ቀደመችው።

፦ «ዘሩ አለ፣ አንዳርጌ። ጎተራውን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ አንድ ፍሬ አላስነካሁም። ባለህበት ቁም።»

የደጃቹ ሰዎች አፏን በእጃቸው አፈኑትና ጎትተው ወሰዷት። ግን ተናግራ ነበር። አንዳርጌ የተራመደውን እርምጃ ወደ ኋላ መለሰው። ቆመ። ዝናቡ በጭንቅላቱ ላይ ይወርዳል፣ እሱ ግን ቆሟል።

በማግስቱ ደጃች ቢያድግልኝ ተነሳና የተበተነውን ሰፈር ለማየት ከገደሉ ጫፍ ሄደ። ድንኳኑ እንዳለ ነው። ከበሮው ይመታል። በሚቀጥለውም ቀን እንዳለ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፣ እንዳለ ነው። በረኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጦር አይተው አያውቁም። ይሄ ዝናብ የማይበትነው ጦር ከሆነ ማነው የሚበትነው ተባባሉ። አንድ ማለዳ ሳይነጋገሩ፣ ሳይጣሉ፣ መቀርቀሪያውን አነሱና በሩን በረገዱት። ያ ሁሉ ሰው ይፈራው የነበረ አምባ አንድ ጦር ሳይወረወር የንጉሡ ሰዎች ገቡበት።

ደጃቹ ተይዞ ከንጉሡ ፊት ቀረበ። ይገድለዋል ሲባል አልገደለውም። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ትኖራለህ፣ ከእኔ ግብር ትበላለህ» አለው። ለዚያ ኩሩ ሰው ይሄ ከሞት አይተናነስም። አንገቱን ደፋ።

አሁን ደስታ ነው ስትሉ ጣጣው መጣ። ከአምባው ስር ሲጠብቁ ስንቃቸው አልቋል። በሶ የለ፣ ቆሎ የለ። ወታደሩ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ንጉሡም ቃል ገብቷል፣ ክረምት ከበጋ አበላችኋለሁ ብሏል። የሌላው አገር ግብር ገና አልገባም። ያለው እህል የደጃቹ ጎተራ ነው። ንጉሡ አንዳርጌን ጠራውና ጎተራውን ከፍተህ ለሠራዊቱ አከፋፍል ብሎ አዘዘው።

አንዳርጌ ሄደ። ከጎተራው በር ላይ እንጉዳይ ጀርባዋን ለመዝጊያው ሰጥታ ቆማለች። ከአጠገቧ ሌሎቹ ሴቶች ናቸው። ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። እቅፍ አድርጎ ሊስማት ሲል የመጣበትን ነገር ከፊቱ አነበበችው። ከበሩ አልተነሳችም።

፦ «ደጃቹን ለዚህ ጎተራ ስንት ቀን እንደታገልኩት ታውቃለህ?» አለችው። «ይሄ የደጃች እህል አይደለም። የየመንደሩ ዘር ነው። እሱ ያልበላውን አንተ ልትበላው ነው?»

አንዳርጌ ከሚስቱና ከንጉሡ መካከል ቆመ። ጦርም አላነሳ፣ በሩንም አላስለቀቃት። ዞረና ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ከፊቱ ተንበረከከ። ለንጉሥ እምቢ ማለት አንገት የሚያስቆርጥ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ ሰዉም ያውቃል።

፦ «ጃንሆይ፣ ያ እህል ዘር ነው። ዛሬ ብንበላው ለከርሞ የሚገባም የሚበላም ግብር የለም። እኔ የእርስዎ ሰው ነኝ። ይሄን በር ግን አልከፍትም።»

ንጉሡ ፊቱ ተለዋወጠ። ቃሉን ጠብቆ ሠራዊቱን ቢያበላ አገሩ ይራባል። አገሩን ቢያተርፍ ሠራዊቱ ባዶ ሆዱን ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ነገር ብቻ ያምን ነበር፦ ሰው የሚያበላውን ይከተላል ብሎ። ደጃች ቢያድግልኝን የጣለው በዚያ ነው። እሱንም በዚያው ሌላ ሊጥለው ይችላል። ይሄንንም ያውቃል። ሆኖም ዘሩ ለየባለቤቱ ይመለስ ብሎ አዘዘ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ዘሩ በአህያ ተጫነ። አንዳርጌ የእንጉዳይን ጭነት በገዛ እጁ አጠበቀላት። እሱ ከንጉሡ ጋር ይመለሳል፤ ማሳውን ዳምጤ ያርስላታል።

፦ «ሂድ በቃ» አለችው። «አንተ እርሻ ላይ መች ጥሩ ነበርክና። ፈርህ ሁልጊዜ ጠማማ ነው።»

እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል። ይሄኔ አቀፋት።

ሠራዊቱ ወደ ንጉሡ ከተማ መንገድ ጀመረ። ዝናቡ አላባራም። ምግብ የለም። ግራና ቀኝ መንደሮች ናቸው፣ ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ የሚበስል ነገር ይሸታል። ድሮ ቢሆን ማን ይጠይቃል፣ ሁሉም በየደጁ ይገባ ነበር። ንጉሥ ባሕሩ ከፊት በበቅሎው ይሄዳል። ወደ ኋላ አያይም። አንዳርጌ ከመጀመሪያው መስመር ስለነበር የንጉሡን ጀርባ ያያል፤ ትከሻው ተወጥሯል። ፈርቷል። ዞር ብሎ ባዶ መንገድ እንዳያይ ፈርቷል።

ወንዙን እንደተሻገሩ የከበሮ መቺው እጅ በብርድ ደነዘዘና ከበሮው ቆመ። ከበሮው ሲቆም ሠራዊቱም ቆመ፣ እንደለመደው። የእግር ድምፅ ጠፋ። ንጉሡ የሚሰማው ዝናቡን ብቻ ሆነ። ተበተኑ ብሎ አሰበ። በቅሎውን ገታና ቀስ ብሎ ዞረ።

ሁሉም አሉ። ጎን ለጎን፣ ጋሻቸውን ይዘው፣ ከራስ እስከ እግር ጭቃ ሆነው ቆመዋል። ከኋላ መስመሩ ወንዙን አልፎ እስከ ዳገቱ ድረስ ይታያል። አንድም ሰው ወደ መንደር አልወጣም።

ንጉሡም፦ «ዛሬ የማበላችሁ የለኝም» አለ። ድምፁ ያን ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

አንዳርጌም፦ «እናውቃለን፣ ጃንሆይ» አለው። «ይሂዱ።»

ንጉሥ ባሕሩ ከበቅሎው ወረደና ከአንዳርጌ ጎን ገብቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

እኔ ግብሬን አስገባሁ፣ ተረቴን ከፍዬ ጨረስኩ፤ እናንተም ግብር አብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አፌን በትኩስ ዳቦ ካሱ።